ሁለት ሜትር ስለተቆረጠው የወይዘሮ የሺወርቅ ቤት የጭስ ማውጫ

ደባርቅ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከተማችን የውበትና የገጽታ አስተባባሪ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ ልጆችዎንም፣ በኮሚቴው ስም ቀለምና ብሩሽ ይዘው በየመንገዱ የሚሯሯጡትን አባላትዎንም በሙሉ ጤንነት፣ ንጹሕ አየር በሚገባበት ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ንጹሕ አየር ያልኩት ለሰላምታ ማሳመሪያ አይደለም፤ ዘንድሮ በሰፈራችን ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ በዓይናችን ስላየን ነው።

ስሜ ሰብስቤ ቢራራ ነው። ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር የብየዳ ቤት አለኝ። ብረት ከመያዜ በፊት አምስት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ ነበርና ብዕር አያስፈራኝም። የፊደል ስሕተት ካገኙ እባክዎ ያርሙልኝ፤ የቀረውን ግን እንዳለ ይቀበሉኝ።

ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት ነገሩን ዘንግተውት ይሆናልና ከመነሻው ላስታውስዎ። ከብየዳ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ባለ ቆርቆሮ ቤት የአቶ ያርጋል ፀጋው ነው። ያርጋል በፓርኩ መግቢያ በኩል በነበረ አንድ ሎጅ ስምንት ዓመት ሙሉ ጄኔሬተርና ማሞቂያ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጎብኚ ጠፍቶ ሎጁ ሲዘጋ፣ ባለቤቱ የሚያሰናብትበት ነገር ቢያጣ አንዲት በናፍጣ የምትሠራ የቤት ማሞቂያ ምድጃ አሸክሞ ሸኘው። ያርጋልም ደስ ብሎት ተሸክሞ ወረደ፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ እናቱ አሉ።

እናቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሃምሳ ዓመት የኩበትና የእንጨት ጭስ የሳበው ደረታቸው ደክሞ፣ ጎንደር ያሉ ሐኪሞች መርምረው «ጭስ እንዳይነካቸው፣ ብርድም እንዳይነካቸው» ብለው መለሷቸው። እነዚያ ሐኪሞች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ደባርቅን ግን አያውቋትም። እዚህ ያለ ጭስ ሙቀት፣ ያለ ሙቀት ደግሞ ኅዳርን መሻገር ከየት ይመጣል? ያርጋል መልሱን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ምድጃዋን ከእናቱ መኝታ ጎን በሠራት ጠባብ ክፍል አስቀመጣት፤ ሙቀቱ በግድግዳው አልፎ ወደ እርሳቸው ይገባል፤ ጭሱ ግን በቧንቧ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ቧንቧውን እንድሠራ እኔን ጠራኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ በሦስት ሜትር ልገላገለው ነበር። ያርጋል ግን እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስተማረኝ።

«ሰብስቤ፣ የእንጨት ጭስ ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው ይሸሸዋል» አለኝ። «የዚህችኛዋ አይታይም፣ ብዙም አይሸትም። ሰው ቁጭ ባለበት ራሱን ያመዋል፣ ያንቀላፋል፣ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቧንቧው የጣራውን ጫፍ አንድ ሜትር ይለፍ። ነፋሱ ከገደሉ ተነሥቶ ጣራውን ሲሻገር ወደ ታች ይደፋል፤ ቧንቧው አጥሮ ካገኘው ጭሱን ይዞት ወደ ቤት ይመለሳል።»

ከዚያም ከምድጃዋ ክፍል ግድግዳ ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ወደ ውጭ ከፈተ። እሳት አየር ሲያጣ ይታፈናል፣ መርዙን የሚያመጣው የታፈነ እሳት ነው አለኝ። እኔም አምስት ሜትር ቧንቧ ሠራሁ፤ ዝናብ እንዳይገባው ቆብ አደረግሁለት፣ መጋጠሚያውን ሁሉ ደፈንኩ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በሽቦ ወጠርኩት። ያርጋል በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ወጥቶ ጥቀርሻውን ይጠርጋል።

ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ወይዘሮ የሺወርቅ ተጋድመው ተኙ። ይህ ለእርስዎ ትንሽ ነገር ሊመስልዎት ይችላል። ለአራት ዓመት ግን ትራስ ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው ነበር የሚያድሩት። ውዳሴ ማርያምን ጠዋት ጠዋት ሳል ሳያቋርጣቸው ይደግማሉ፤ ድምፃቸው መንገድ ተሻግሮ ብየዳ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። የንስሐ አባታቸው አባ መልከ ጼዴቅ እንኳ «እሜቴ፣ ዘንድሮስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይቀድሱ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልምጣ።

1ኛ. ስለ ዓይንዎ ጥራት አመሰግናለሁ። በጥር መጀመሪያ፣ እንግዶች ከላይ ይመጣሉ ተብሎ ኮሚቴዎ መንገዱን ሲቃኝ፣ ክቡርነትዎ ብየዳ ቤቴ በር ላይ ቆመው፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው፣ አውራ ጣትዎን ወደ ሰማይ አንሥተው የያርጋልን ቧንቧ ለኩ። በዚህ ከተማ የተቆፋፈረ መንገድ አለ፣ ቆሻሻ የሞላው ቦይ አለ፣ ከዳባት ሲገቡ የወደቀ የመብራት ምሰሶ አለ። እርስዎ ግን እነዚህን ሁሉ አልፈው ያቺን አንዲት ጠባብ ቧንቧ አዩ። «እንግዶቻችን የሚያዩት ገጽታችንን ነው ወይስ ይህን?» ብለው ጠየቁ። አባላትዎ ማስታወሻ ያዙ።

2ኛ. በማግስቱ ስለደረሰው ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ከጣራ በላይ የሚታይ ማናቸውም ቧንቧ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሣ ወይም እንዲያጥር፣ በመንገድ ዳር ግድግዳዎች ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኖ የቅቤ ቀለም እንዲቀባ ያዛል። ምድጃ የሚተነፍስበትን ላይኛውንም ታችኛውንም በአንድ ገጽ መዝጋት መቻልዎ የሚደነቅ ነው፤ አውቆ የሚሠራ ሰው እንኳ እንዲህ አያሟላውም። ያርጋል ደብዳቤውን ይዞ ቢሮዎ ድረስ መጣ። ግማሽ ቀን አስቀመጡት። ከገባ በኋላ የተባባላችሁትን በዚያው ዕለት ነግሮኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።

«ለጊዜው ነው፤ እንግዶቹ ሲሄዱ መልሰህ ታቆመዋለህ» አሉት።

«እንግዲያውስ ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ» አለዎት።

«የእኔ ቃል አይበቃህም?» አሉት።

ያርጋል ሰው አክባሪ ነው፤ ይበቃኛል ብሎ ወጣ።

3ኛ. ይህን ምስጋና ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግማሹ የሚገባው ለእኔ ነውና። በሦስተኛው ቀን ያርጋል ወፍጮ ሊጠግን ዳባት ሄዶ ሳለ ወደ ብየዳ ቤቴ መጡ። የንግድ ፈቃዴ እድሳት የኮሚቴውን ማኅተም እንደሚጠብቅ በፈገግታ አስታወሱኝ፤ ቀጥለውም መሰላል እንዳወጣ አዘዙኝ። እኔም ያርጋል ያስተማረኝን ሁሉ ነገርኩዎት። ቧንቧው ካጠረ ነፋሱ ጭሱን ይመልሰዋል፣ ቤት ውስጥ ደረታቸው የታመመ እናት አሉ አልኩዎት። እርስዎም «ሰብስቤ፣ አንተ በያጅ ነህ ወይስ ሐኪም?» አሉኝ።

«በያጅ ነኝ ጌታዬ» አልኩና መሰላሉን ወጣሁ።

ሁለት ሜትር ቆረጥኩ። የቀረው ጫፍ ከመንገድ እንዳይታይ ወደ ጓሮ እንዳጥፈው አዘዙኝ፤ አጠፍኩት። ጓሮው በኩል ከጣራው ክፈፍ ሥር ያለው የወይዘሮ የሺወርቅ መስኮት ነው። እርስዎ ይህን አላወቁም ይሆናል፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። አባላትዎም የታችኛዋን ቀዳዳ በጭቃ ደፍነው ቀለም ቀቧት። የያርጋል ሚስት መስከረም በር ላይ ቆማ ሁሉንም ታይ ነበር። ከመሰላሉ ስወርድ «ጋሼ ሰብስቤ፣ እርስዎም?» አለችኝ። ፈቃዴ በማግስቱ ታደሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እንግዶቹ መጡ። ሦስት መኪና ናቸው፤ መስኮታቸውን ዘግተው፣ አቧራ አስነሥተው፣ በያርጋል ቤት ፊት አለፉ። በመጀመሪያው መኪና ከኋላ የተቀመጡት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ስልክ ያዩ ነበር። ሌሎቹን አቧራው ሸፍኗቸው አላየኋቸውም። የከተማችን ገጽታ የታየው ይህን ያህል ነው።

ያርጋል ምድጃዋን አጠፋና የእርስዎን ቃል መጠበቅ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ኮሚቴው ግምገማ ላይ ነው» ተባለ። ራሱ ወጥቶ ቧንቧውን እንዳያቆም «ያለ ፈቃድ የነካ ይጠየቃል» የሚል ማስጠንቀቂያ በር ላይ ለጥፋችኋል። በጥምቀት ሰሞን የወረደው ውርጭ ትዝ ይልዎታል፤ ባልዲ ውስጥ ያለ ውኃ ይረጋ ነበር። ወይዘሮ የሺወርቅ ሳላቸው ተመለሰ። ትራስ ተደግፈው ማደር ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት የምሰማው ጸሎት ቀርቶ የሳል ድምፅ ሆነ፤ እኔም እንዳልሰማ ማሽኔን ቀደም አድርጌ መክፈት ለመድኩ።

የካቲት 7፣ ዓርብ ጠዋት፣ ያርጋል ለሥራ ዳባት ነበር። ሲወጣ መስከረምን ምድጃዋን እንዳትነካ አስጠንቅቋታል። አባ መልከ ጼዴቅ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ሁለቱም በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ልጄ» አሏት ወይዘሮ የሺወርቅ፣ «ለእኔስ ግድ የለም፣ አባን በረዳቸው። ትንሽ ብቻ አሙቂልን፤ መስኮቱን እንከፍተዋለን።»

መስከረም እምቢ አለች። ደግመው ለመኗት። የባሏን እናትና አንድ ቄስ በብርድ እያዩ ዝም ማለት ከባድ ነውና ለኮሰቻት። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ የሚታይ ነገር የለም፣ የሚሸት ነገር የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእናትየውን መድኃኒት ልታመጣ ወደ ፋርማሲ ሄደች። ለደኅንነት ብላ የከፈተችው መስኮት እኔ ካጠፍኩት ቧንቧ አፍ በታች እንደሆነ አላሰበችም። ከገደሉ በኩል ነፋስ ተነሣ።

የቀረውን አባ መልከ ጼዴቅ ናቸው የነገሩኝ። መጀመሪያ ራሳቸውን አመማቸው፤ የዓርብ ጾም ነው ብለው ናቁት። ወይዘሮ የሺወርቅ «አባ፣ እንቅልፍ መጣብኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። አባም ይተኙ ብለው መዝሙረ ዳዊታቸውን ገለጡ፤ ፊደሉ ተደበላለቀባቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ሊነሡ ሲሉ ግን ጉልበታቸው የእርሳቸው አልነበረም። በወለሉ እየዳሁ ደጃፉ ድረስ ደርሰው በሩን ከፈቱ፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም። ደፉ ላይ ወደቁ፤ በሩም በሰውነታቸው ተደግፎ ሳይዘጋ ቀረ።

መስከረም ከፋርማሲ ተመልሳ ስትጮኽ ማሽኔን እንደበራ ጥዬ መንገዱን ተሻገርኩ። አባን ስቤ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። እርሷ ትንፋሿን ይዛ ገብታ አማቷን በጋቢያቸው ጠቅልላ ወደ እኔ ጎተተቻቸው። ወይዘሮ የሺወርቅ እጄ ላይ እንደ ሕፃን ቀላል ነበሩ። ጉንጫቸው ቀልቶ ደህና ሰው ይመስሉ ነበር፤ አለመንቃታቸው ብቻ ነው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸውና ኦክሲጅን ተደረገላቸው። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ምን ዓይነት ማሞቂያ እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት። «ጭሱ በየት ይወጣል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ክቡር ሆይ፣ ይህ የእርስዎ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ተጠየቅሁልዎት።

አባ በሁለተኛው ቀን ወጡ። ወይዘሮ የሺወርቅ አሥራ አንድ ቀን ቆይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰው ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃዎት አላቸው፤ እኔም ከሰው ኋላ ቆሜ አልኩ። ግን ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሲጀምሩ የሰኞው እኩሌታ ላይ ይደርሱና ያቆማሉ። ጣቶቻቸውን ይቆጥራሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ያርጋልን በስሙ አይጠሩትም፤ «ፀጋው» ይሉታል። ፀጋው ባላቸው ነበሩ፤ ካረፉ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ጊዜ «እማዬ፣ ያርጋል ነኝ» ይላቸው ነበር። አሁን «አቤት» ብቻ ይላል።

ለዚህ ሁሉ ክቡርነትዎ ያደረጉትን መዘንጋት ነውር ይሆንብኛል። ብርቱካን በፌስታል ይዘው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው ሊጠይቋቸው መጡ። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል፤ ከጀርባዎ የቅቤ ቀለሙ ያምራል። በሳምንቱ ሪፖርትዎ ተነበበ፦ «ሕገ ወጥ የማሞቂያ መሣሪያ ባስከተለው አደጋ ሁለት ሰዎች ተጎድተዋል፤ መሣሪያው እንዲታሸግ ተደርጓል» ይላል። ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቧንቧ የሚል ቃል የለበትም። ቀዳዳ የሚል የለበትም። ሰብሳቢ የሚልም የለበትም። ይህን ያህል ነገር በአንድ ገጽ ወረቀት መሰወር ትልቅ ተሰጥኦ ነው፤ እኔ በቅኔ ቤት ሳለሁ ሰም ውስጥ ወርቅ መደበቅ ይከብደኝ ነበር፤ እርስዎ ወርቅም ሳይኖርዎት ደበቁ።

ያርጋል ለአንድ ወር አላናገረኝም። እኔም ላናግረው አልደፈርኩም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ቁራጩን የት ጣልከው?» አለኝ።

«አልጣልኩትም። ብየዳ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል» አልኩት።

«ነገ ጠዋት አምጣው» አለኝ።

እንግዲህ ሊጠይቁኝ የሚፈልጉት ይህን ስለሚሆን በግልጽ ላስቀምጥልዎ። ትናንት ሰኞ፣ መጋቢት 15 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መሰላል አቆምኩ። ያጠፍኩትን ጫፍ አውልቄ ጣልኩ፣ ሁለቱን ሜትር መልሼ በየድኩ፣ መጋጠሚያውን ደፈንኩ፣ በሽቦ ወጠርኩት። ቧንቧው አሁን ከጣራው ጫፍ አንድ ሜትር ያልፋል። ያርጋል የተደፈነችውን ቀዳዳ በመሮ ከፈታት፤ ቀለምዎ ትንሽ ተልጧል፣ ይቅርታ። የምድጃዋን እሽግ የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ እርሱ እጁን አላስነካም፣ እኔ ነኝ እንዳይነካው የለመንኩት። ጥቀርሻውን ጠረግን። ምድጃዋን ከመለኮሳችን በፊት የሚጨስ ጨርቅ ከቧንቧው ሥር ይዘን ጭሱ ወደ ላይ ሲሳብ አየን። ለኩሰንም ወይዘሮ የሺወርቅን ለብቻቸው አልተውናቸውም፤ ቀኑን ሙሉ በየተራ አብረናቸው ተቀመጥን፣ ራሱን ያመመው ሰው አልነበረም። መስከረም ሻይ ሰጠችኝ። ጋሼ አላለችኝም፤ ሻዩን ግን ሰጠችኝ።

ማሸግ ቢፈልጉ ብየዳ ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ማኅተምዎ በደንብ ይታያል፣ አንሥተው ይውሰዱት። ያርጋልን ግን አይንኩት። ቧንቧውን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም በፍርድ ቤት እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንዳዘዘኝ ይጠይቁኛል።

ለጣራዎቻችን ስላለዎት የማያንቀላፋ ትጋት፣ ከጣራው በታች ስላለው ሰው ስላለዎት ሰላማዊ እንቅልፍ፣ እጅግ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ትእዛዝዎን አንድ ጊዜ የፈጸምኩና ዳግመኛ የማልፈጽም፣
ሰብስቤ ቢራራ፣ በያጅ

ግልባጭ፦
— ለአባ መልከ ጼዴቅ፣ በጸሎታቸው እንዲያስቡን
— ለተረኛው ሐኪም፣ ለጥያቄው መልስ እንዲሆነው
— ለኮሚቴው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከፎቶው ጎን እንዲለጠፍ

ከፊርማ በኋላ፦ ባለፈው ሐሙስ ሾፌርዎ ብየዳ ቤቴ መጥቶ ለአዲሱ መኖሪያ ቤትዎ ማሞቂያ የጭስ ማውጫ አዞኛል። «የጣራውን ጫፍ አንድ ሜትር ይለፍ ብለዋል፤ ለልጆቹ ጤና ነው» አለኝ። ሠርቼ ጨርሼዋለሁ። ልጆችዎ ምንም አላጠፉምና አንዲት ጣት አላጎደልኩበትም፤ ቆቡም፣ ሽቦውም ሙሉ ነው። ለሾፌር አልሰጥም፤ ራስዎ መጥተው ይውሰዱት። አደራዎን ታዲያ፣ ማንም መጥቶ ቁረጠው ቢልዎት እንዳይሰሙት።